አስቴር የተረጎመችው የገና ፊልም

ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የልጅ ልጄን ብሌንን ይዤ፣ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ ለገና የሚሆነኝን ቅመም ልገዛ ሾላ ገበያ ወርጄ ነበር። ሸምተን ስንመለስ አንድ ትልቅ ሱቅ በር ላይ ቀይ ልብስ የለበሰ፣ የጥጥ ጺም ያንጠለጠለ ወጣት ደወል እያቃጨለ ለልጆች ከረሜላ ያድላል። ብሌን እጄን ለቃ ወደ እሱ ስትሮጥ፣ ሃምሳ ዓመት የተሻገርኩት ሴትዮ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የያዘውን ፌስታል ደረቴ ላይ አቅፌ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ዓይኔም ያለ ፈቃዴ መጥረቢያ ይዞ እንደሆነ ለማየት የወጣቱን እጅ ፈለገ። የያዘው ደወሉን ብቻ ነበር። ፀሐይ ካገኘው ልብሱ የሚወጣው የጋለ ላስቲክ ሽታ ግን አንድ ጊዜ አፍንጫዬ ከገባ በኋላ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸትም፣ የብሌን ሳቅም ከሩቅ የሚመጣ ሆነብኝና፣ ራሴን መጋረጃው በተዘጋ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ አገኘሁት።

ያ ሳሎን የእትዬ ዘምዘም ነው። ሰፈራችን ከሾላ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነበረ፤ የመጨረሻዎቹ አጥሮች የሚያልቁበትና ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ቦታ አንድ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጋራው ወርዶ በአጥራችን ቀዳዳ እየገባ ግቢያችንን ሞልቶት ነው የምንነቃው። በዚያ ጉም ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ኮቴ ነው፤ ቀጥሎ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች አጎንብሰው፣ ፊታቸው ሳይታይ፣ ሸክማቸው ብቻ በራሱ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ በበራችን ያልፋሉ። ከኋላቸው አንዳንዴ የደን ጠባቂው ፊሽካ ይሰማል። ፊሽካው ሲሰማ እናቴ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ ትተዋለች፤ ከሴቶቹ አንዷ ዘው ብላ ከነሸክሟ እኛ ጓሮ ትቀመጥና፣ ጠባቂው ካለፈ በኋላ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ትወጣለች። ከመካከላቸው እማማ ዘነቡ የሚባሉት ከመደጋገማቸው የተነሳ የቤት ሰው ሆነው ነበር።

የእትዬ ዘምዘም ባል ጋሽ ኑሩ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አሰብ ወርደው ሲመለሱ ከታች ከመታጠፊያው ላይ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ያሰማሉ፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ መንገድ ላይ ይወጣል። ከእነዚህ መንገዶቻቸው ባንዱ ነው ባለቀለም ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ይዘው የመጡት። ዴኩን እትዬ ዘምዘም ከአራስ ልጅ ባልተናነሰ ጥንቃቄ በፎጣ ጠቅልለው፣ ቴሌቪዥኑን ደግሞ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰው ያስቀምጣሉ፤ ፊልም ሲታይበት ቆይቶ ሲግል የሚወጣው የላስቲክ ሽታ እስከ ግቢው በር ድረስ ይመጣ ነበር። ያ ሽታ ለእኔ የበዓል ሽታ ነው፤ ምክንያቱም ቪዲዮ የሚከፈተው በበዓል ብቻ ነበር፣ በእነሱም በእኛም። በዓሉ የእነሱ ሲሆን እኛ ሄደን፣ የእኛ ሲሆን እነሱ ጠርተውን እናያለን። ሥጋችን ስለማይገናኝ በፊልም ቀን እትዬ ዘምዘም የሚያቀርቡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቆሎ፣ ብርቱካንና ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ። ማንም ምን ልብላ ምን ልተው ብሎ አይጨነቅም።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አንድ ብቻ ነበረ፤ እሷም እህቴ አስቴር ናት። አስቴር ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር አንገቷን ዘንበል የምታደርግ። የፊልም ቀን ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆማ፣ አንድ እጇን ዳንቴሉ ላይ አሳርፋ፣ ተዋናዮቹ የሚሉትን እየተከታተለች ለቤቱ ሁሉ ትተረጉማለች። የሴቷንም፣ የወንዱንም፣ የሽማግሌውንም ድምፅ ለየብቻ ስለምታወጣው ፊልሙን ትተን እሷን የምናይበት ጊዜ ነበር። ያላወቀችው ቃል ሲያጋጥማት ዝም አትልም፤ የራሷን ትጨምርበታለች። ጋሽ ኑሩ ይህን ስለሚያውቁ ይስቁባት ነበር፤ የፈረንጆቹን ንግግር አንቺ አስተካከልሽላቸው ይሏታል።

ከእኛ ቀጥሎ፣ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ባላቸው ሞተው አንድ ልጃቸውን ግርማን ብቻቸውን አሳድገዋል። ግርማ የገና ጨዋታ የሚወድ፣ በየዓመቱ ለእኔም ትንሽ የገና ዱላ ከወይራ ጠርቦ የሚሰጠኝ፣ ሲሮጥ ጫማው ከእግሩ የሚወልቅ ልጅ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ደብዳቤውን ለእናቱ የምታነብላቸው አስቴር ናት። ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። ደብዳቤው ከቆመበት ቀን ጀምሮ በእትዬ በላይነሽ በር በዓል የሚባል ነገር አልገባም፤ በበዓል ቀን በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ፣ እናቴ ዶሮ ወጥ ስትልክላቸው በማግስቱ ሳህኑን አጥበው ባዶውን ይመልሱታል። ወጡን ማን እንደበላው አናውቅም፤ የእማማ ዘነቡ ልጆች ይመስለኛል።

አስር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በገና ዋዜማ ጋሽ ኑሩ ከአሰብ አዲስ ካሴት ይዘው መጡ። አንድ መርከበኛ ነው የሰጣቸው። ካሴቱ ላይ ጽሑፍ የለበትም፤ አንድ ቀይ ልብስ የለበሰ ነጭ ጺም ያለው ሰው፣ ያጌጠ ዛፍና በረዶ የሚታይበት ሥዕል ብቻ ተለጥፎበታል። ጋሽ ኑሩ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት መርከበኛው ክሪስማስ ብሏቸው ስቋል። ያ ሳቅ አንድ ነገር ሊነግራቸው ይገባ ነበር፤ እሳቸው ግን የገና ደስታው ነው ብለው ተቀበሉት። እትዬ ዘምዘምም ሥዕሉን እንዳዩ ካሴቱን ለጎረቤት በሙሉ የገና ስጦታ አደረጉት። የእናንተው በዓል ፊልም ነው፣ ምናልባትም የልደቱ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም፣ ትልቅ ትንሽ ሳይቀር ኑ ተባለ።

እናቴና እትዬ ዘምዘም በዚያው ቀን በአጥር ላይ ሲመካከሩ ሰማኋቸው። የዘንድሮውን ገና በላይነሽ ብቻዋን አታሳልፍም ተባባሉ። ፊልም ነው ብለው ከነገሯቸው እምቢ እንደሚሉ ስላወቁ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ዝም ብሎ ይጠሩ ተባለ። ከገቡ በኋላ ማን ያስወጣቸዋል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ከቅን ልብ የመጣ ሐሳብ።

በገና ዕለት ከምሳ በኋላ ሳሎኑ ሞላ። የከሰዓቱ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያበራ እትዬ ዘምዘም ከባዱን ቡናማ መጋረጃ ከዳር እስከ ዳር ዘጉት። እናቶች የበዓል ነጠላቸውን እንደለበሱ በተርታ ተቀምጠዋል፣ ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ጋሽ ኑሩ አጎንብሰው ገመድ ሲያገናኙ ማንም እንዳይረብሻቸው ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናቴ ዘወር ብላ አየችኝና እትዬ በላይነሽን እንድጠራ ላከችኝ። ለምን እንደሆነ እንዳልናገርም አስጠነቀቀችኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጎንበስ ብዬ እንኳን አደረሰዎ ካልኩ በኋላ፣ እትዬ ዘምዘም ቤት ሁሉም ተሰብስበው እየጠበቁዎት ነው አልኳቸው። ሰፌዱን መሬት ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት። እነማን አሉ ብለው ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። ወንዶችም አሉ ወይ አሉኝ፤ አሉ አልኩ። ለምን እንደሚፈልጓቸው ሲጠይቁኝ የእናቴን ማስጠንቀቂያ አስታውሼ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ወደ ቤት ገብተው ወገባቸውን በመቀነት አጠበቁ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ በሩን ሳይቆልፉ ወጡ። እኔ ለበዓሉ እየተዘጋጁ መስሎኝ ከፊት ከፊታቸው እየዘለልኩ መራኋቸው። ዛሬ ያችን የምትዘል ልጅ ባገኛት እጇን ይዤ አቆማት ነበር።

የሳሎኑን በር ስከፍት ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እትዬ በላይነሽ ደፉ ላይ ቆሙ፤ የተዘጋውን መጋረጃ፣ በተርታ የተቀመጡትን ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ግድግዳ የተደገፉትን ወንዶች አዩ። መርዶ በሚነገርበት ቤት የሚታየው ሁሉ እዚያ ነበር። ጸጥታውም ጭምር።

«ቆሜ ነው ወይስ ተቀምጬ የምትነግሩኝ?» አሉ።

ማንም አልገባውም። ቀድማ የገባት እናቴ ናት፤ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሳች አላውቅም፣ ደርሳ ያቀፈቻቸው ግን ደፉ ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። የለም በላይነሽ፣ ፊልም ነው፣ የገና ፊልም ልናሳይሽ ነው እያለች በጆሯቸው ስትደጋግም፣ እትዬ ዘምዘም ውሃ አምጥተው ፊታቸውን ሲያብሱ፣ እኔ በሩ ሥር ተለጥፌ የሠራሁትን ሥራ ቀስ በቀስ እየተረዳሁ አለቀስኩ። እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊልም ነው ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ፤ ነው ሲሏቸው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አላቆመም፣ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄዶ ተመለሰ፣ ሴቶቹም አብረዋቸው ሳቁም አለቀሱም። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ጋሽ ኑሩም በገዛ እጃቸው ብርቱካን ልጠው ሰጧቸው። አስቴር ይህን ሁሉ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ እጇ ዳንቴሉ ላይ እንዳለ አይታለች።

ፊልሙ ተጀመረ። ካሴቱ ከሌላ ካሴት፣ ያም ከሌላ የተገለበጠ ስለነበር ምስሉ ደብዝዞ ሰማያዊ ሆኗል፤ በረዶው በፊልሙ አገር ይዝነብ ወይስ የቴሌቪዥኑ ብልሽት ይሁን ለመለየት ያስቸግር ነበር። ጥድ የሞላበት ጋራ ይታያል፣ በጋራው ግርጌ መስኮቱ የበራ ቤት አለ፤ በቤቱ ውስጥ መነጽር ያደረገች አሮጊት ዛፍ ታስጌጣለች። ጋራው የእኛን ጋራ መሰለንና ሰው ሁሉ ደስ አለው። ስልክ ጮኸ፤ አሮጊቷ አንስታ ስታወራ ፊቷ ፈካ። ልጇ ነው፣ ከሩቅ አገር ለበዓል እየመጣ ነው አለች አስቴር። እትዬ በላይነሽ በያዙት ብርቱካን ላይ ጣታቸውን ጨበጡ።

ቀይ ለባሹ ሰው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከጥዶቹ መሃል፣ ጆንያ በትከሻው፣ መጥረቢያ በእጁ ይዞ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ ወጣ።  አስቴርም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ዝምታውን የሞሉት እማማ ዘነቡ ናቸው፤ ምስኪን፣ የደን ጠባቂው እንዳያየው ነው እኮ የሚደበቀው አሉ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የእኛ ሆነ። ሰውየው ዛፍ ሥር ሲያደባ ሴቶቹ ለእሱ ሠጉለት፣ ፋኖስ የያዘ ዘበኛ ሲመጣ ደግሞ አይዞህ ዝቅ በል አሉት። አንዱ ጎረቤታችን ቀይ መልበሱን አይቶ የቀበሌ ሰው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሲያንሾካሹክ ጋሽ ኑሩ ጮክ ብለው ሳሉ፤ ወሬውም እዚያው ቀረ። ዘበኛው በረዶው ላይ ተዘርሮ ጥቁር ነገር ከሥሩ ሲፈስ ሳሎኑ ደነገጠ፤ የሁሉም ዓይን ወደ አስቴር ዞረ።

አስቴር፣ በግ አርደው ነው አለች፤ በእነሱ አገር ለገና ደጅ ላይ ያርዳሉ፣ ሰውየው ጠጥቶ ደሙ ላይ ወደቀ። በዓል ነው፣ ደጅ ላይ ደም አለ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሴቶቹ አመኑ። እኔ ግን ከምንጣፉ ላይ ሆኜ የእህቴን እጅ ነበር የማየው፤ ዳንቴሉን ጨብጣው ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ወደ ኋላዬ ዞሬ የተኛ ሕፃን ለመምሰል ራሴን የእናቴ ጉልበት ላይ ደበቅሁ፤ በጣቶቼ መሃል ግን አየሁ፣ እንዴት ላላይ እችላለሁ።

አሮጊቷ ገበታ ዘረጋች፣ ለልጇ ሳህን አስቀመጠች። ልጁ ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ሻንጣ ተሸክሞ፣ በበረዶው ውስጥ በእግሩ ይመጣል። ካፖርቱ የወታደር ነው አሉ እትዬ በላይነሽ፤ ፊልሙ ከተጀመረ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። አስቴር አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻቸውና፣ አዎ ወታደር ነው፣ ፈቃድ አግኝቶ ነው አለች። ልጁ መስኮቱን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ከደጁ ደረጃ ላይ እግሩን አነሳ። ቀይ ለባሹ ከበሩ ጎን ቆሟል። ከዚያ የመጥረቢያው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲያልፍ፣ ልጁ በእናቱ ደፍ ላይ በግንባሩ ሲደፋ አየን። እናትየዋ በሩን ከፈተች።



«ልጁ ደረሰ» አለች አስቴር። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ደክሞት ነው፤ ብዙ መንገድ በእግሩ መጥቶ ነው። ተኝቷል።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አሮጊቷ ልጇ ላይ ተደፍታ ትጮኻለች። በደስታ ነው የምታለቅሰው አለች አስቴር፤ ልጄ መጣልኝ ነው የምትለው። እትዬ በላይነሽ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ራሳቸውን ላይ ታች ነቀነቁ። ያን ጊዜ ጋሽ ኑሩ፣ አንድ ቃል እንግሊዝኛ የማያውቁት ጋሽ ኑሩ፣ ከግድግዳው ተነስተው ከቴሌቪዥኑ ኋላ እጃቸውን ሰደዱና ምስሉ ጠፋ። መብራት ሄደ አሉ። ማቀዝቀዣው ከጥጉ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ ሁላችንም እንሰማዋለን። አንድም ሰው አላነሳውም። እናቴ ብቻ፣ መብራት ኃይሎች በበዓል እንኳን አይተዉን ብላ ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች። ፀሐዩ ገባ፣ ከጋራው በኩል የገና ጨዋታው ሆታ ተሰማ፣ ሰዉም ዓይኑን እያሻሸ ተሳሳመና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ አስቴርን ልጁ እውነት ተኝቶ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ጄሪካኑን በእግሯ ወደ ፊት እየገፋች፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ። መልሱ ይህ ብቻ ነበር፤ በቂም ነበር።

እትዬ በላይነሽ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። ለፋሲካ ዶሮ ገዙ። እናቴ የላከችላቸውን ሳህን ሌላ ነገር ሞልተው መለሱ። የቀበሌ ስኳር ወረፋ ላይ ፊልሙን ላላዩት ሁሉ ይተርኩ ነበር፤ በተረኩት ቁጥርም ታሪኩ ይረዝማል፤ ልጁ ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሳል፣ እናቱ እግሩን በሞቀ ውሃ ታጥበዋለች፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ያ ቀይ ለባሹ እንጨት ቆራጭ እንኳን ሳይቀር ተጋብዞ ይበላል። ሰሚው ጥሩ ፊልም ነው ይላል። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ በሰማሁት ቁጥር ያየሁትን ረስቼ የእሳቸውን ማየት ጀመርኩ፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያ ሞቅ ያለ ውሃ የያዘው ገንዳ ነው፣ የትኛውም ካሴት ላይ ያልነበረው።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ጋሽ ኑሩ ጥሩምባ ሳያሰሙ መጡ። መኪናው ቤቱ ደጃፍ እስኪቆም ድረስ ማንም አላወቀም። መንገድ ላይ አንድ ቁስለኛ ወታደር አሳፍረው፣ ከየት ነዎት ወደየት ነው ሲባባሉ የየካን ስም ሰምቶ፣ ግርማ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ እናቱ ከጋራው ሥር ነው የሚኖሩት ብሎ የቀረውን ነግሯቸዋል። በማግስቱ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ሰዉ እትዬ ዘምዘም ሳሎን ተሰበሰበ። የእትዬ በላይነሽ ቤት ጠባብ ነው፣ ብቻቸውንም ናቸው፤ እዚህ ይሻላል ተባለ። ማን ይጥራቸው ሲባል ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቅ ሰው ከሄደ ከፊቱ ታነበዋለች አሉ፤ የልጅ ፊት አይነበብም።

እኔን ላኩኝ። አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የምን ስብሰባ እንደሆነ አውቃለሁ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ደርበው በራፋቸው ላይ የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን እየመለሱ ነበር። እትዬ ዘምዘም ቤት ይፈልጉዎታል አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ዛሬም ፊልም ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የምረሳው ብዙ ነው፤ ይህንን ግን አልረሳውም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ በጭቃው እንዳልወድቅ እየደገፉኝ አብረን ሄድን፤ በዚያን ቀን የመራሁት እኔ አልነበርኩም።

መጋረጃው ተዘግቷል። ሴቶቹ በተርታ፣ ወንዶቹ በግድግዳው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን እንደለበሰ ጠፍቶ ተቀምጧል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ በላይነሽ ማንንም ሳይጠይቁ አልፈው፣ ያን ጊዜ የተቀመጡበት ወንበር ላይ፣ ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ እጃቸውን አነሱና አስቆሙት። በሰዉ መሃል አስቴርን ፈለጉ።

«አስቴር ልጄ፣ ነይ እዚያ ቁሚ። እንደዚያን ቀን አድርገሽ አንቺ ተርጉሚልኝ።»

ያኔ ገባኝ፤ ለሁላችንም ገባን። ያን የገና ቀን ያየነውን ሁሉ እሳቸውም አይተዋል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በየወረፋው የተረኩት እያወቁ ነው። አስቴር ተነሳች። ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆመች፣ እጇን ዳንቴሉ ላይ አሳረፈች፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች። 

«ልጁ ደረሰ» አለች። «ደክሞት ነው፤ ብዙ መንገድ በእግሩ ሄዶ ነው። ተኝቷል።»

እትዬ በላይነሽ እንደ ያን ጊዜው ራሳቸውን ላይ ታች ነቀነቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ቤቱም በለቅሶ ተናወጠ።

አስቴር ከዚያ ወዲህ ፊልም ተርጉማ አታውቅም። እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጣች፤ ወሰን ሰፈር ነው ቤቷ፣ አልፎ አልፎ ስንገናኝ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፣ ስለዚያ ግን አናወራም። ጋሽ ኑሩ፣ እትዬ ዘምዘም፣ እማማ ዘነቡ፣ እናቴ፣ እትዬ በላይነሽ፣ ሁሉም አልፈዋል፤ ሳሎኑ የነበረበት ቦታ ዛሬ አስፋልት ነው፣ በላዩ ላይ ታክሲ ያልፋል፤ እኔም በዚያ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አልፋለሁ። እኔ ያለሁበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር የምንተያየው ሰዎች ስም አላውቅም። ባለፈው ክረምት የአጎቴን መሞት የሰማሁት ሽንኩርት እየከተፍኩ በስልክ መልእክት ነው፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ማንን ልጥራ ብዬ በሩን ከፍቼ ኮሪደሩን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። መጋረጃ የሚዘጋልኝ፣ በተርታ የሚቀመጥልኝ፣ ማቀዝቀዣው እየጮኸ መብራት ሄደ ብሎ የሚዋሽልኝ ሰው እንደሌለኝ ያኔ ነው የቆጠርኩት። ናፈቁኝ። እንዲሁ በደፈናው ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በተቀመጡበት ቦታ ናፈቁኝ።

ብሌን ከረሜላዋን ይዛ ተመለሰች። ወደ አባዶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ ያንን ሰውዬ ለምን ፈራሽው አለችኝ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ፊልም ላይ ያለ ሰው መስሎኝ ነው አልኳት። ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የገና ፊልም ነው፣ አንዲት እናት ከሩቅ የሚመጣ ልጇን ትጠብቃለች አልኳት። የከረሜላውን ወረቀት እየላጠች ትንሽ አሰበች። በመስኮቱ በኩል ጋራው ይታያል፣ ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሳም።

«መጨረሻው ምን ሆነ?» አለች።

«ልጁ ቤቱ ደረሰ» አልኳት። «ደክሞት ነበርና ተኛ።»

አመነችኝ።